የቆላ ቤት ግድግዳና የመብራት ሒሳብ

ሰው ቤት የሚሠራው ከፀሐይና ከዝናብ፣ ከብርድና ከነፋስ ለመጠለል ነው። ቤቱ ራሱ ከደጁ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ግን ባለቤቱ የገዛ ቤቱን ሸሽቶ የዛፍ ጥላ ለመፈለግ ይገደዳል። ይህ ቀልድ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በሰኔ ቀትር ቆቦ ወርዶ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ አንድ ሰዓት ይቀመጥ።

ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስተምሥራቅ የዞብልን ተራሮች እያየች በራያ ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ያህል ነው። በዚህ አገር ቀኑ ደረቅና ሞቃት ሲሆን ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። የቤት ሥራ ብልሃትም ያለው ይህን የቀንና የሌሊት ልዩነት በመጠቀም ላይ ነው።

የቀድሞው ገበሬ እንጨቱን አቁሞ በማገር ካሰረ በኋላ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመርገዋል፤ ድንጋይ በሚገኝበት ስፍራ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያቆማል፤ ከላይም ሣር ይከድናል። ወፍራም ግድግዳ የቀትሩን ሙቀት ለብዙ ሰዓት በሆዱ ይዞ ያቆየዋል፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ የሚደርሰው አየሩ በርዶ መስኮት በሚከፈትበት ምሽት ነው። ሣሩና ጭዱ ደግሞ በመካከላቸው አየር ያስራሉ፤ የማይንቀሳቀስ አየርም ሙቀት ለማስተላለፍ እጅግ ሰነፍ ነው።

ይህን ጉዳይ ግብፃዊው የሕንፃ ጥበብ ዐዋቂ ሐሰን ፈትሒ በመጽሐፉ አስረድቶታል። በ1964 እ.ኤ.አ. በካይሮ ለሙከራ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጭቃ ጡብ ግድግዳ ነበረው፤ ሌላው ግን 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ የተዘጋጀ ኮንክሪት የቆመ ነበር። በጭቃው ቤት ውስጥ ሙቀቱ ቀንና ሌሊት ከ2 ዲግሪ በላይ አልተለዋወጠም። የኮንክሪቱ ቤት ግን እስከ 36 ዲግሪ ደርሶ፣ ከውጭው አየር እንኳ በ9 ዲግሪ በልጦ ተገኘ።

እንግዲህ ሣሩን በቆርቆሮ፣ ወፍራሙን ግድግዳ በስስ ብሎኬት ስንለውጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው መሆናችን ነው። ሆኖም ወደ ሣር ክዳን እንመለስ ማለታችን አይደለም። ሣር እሳት ይፈራል፤ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ቆርቆሮ ግን ዝናብን በሚገባ ይከላከላል። ስሕተቱ ቆርቆሮውን መትከላችን ሳይሆን ከሥሩ ምንም አለማኖራችን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው። አንድ ቬንቲሌተር ከ50 እስከ 75 ዋት ያህል ሲፈልግ፣ አንድ መለስተኛ የአየር ማቀዝቀዣ ግን 1 ሺህ ዋት ያህል ይፈልጋል። ቬንቲሌተር አየሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም። ሙቀት በሚያስገባ ቤት ማቀዝቀዣ መትከልም በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማሻሻያ ዋጋውን በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግ ስለሆነ፣ ደመወዝተኛው ይህን ከወዲሁ ሊያስብበት ይገባል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በመጀመሪያ ከጣራው በታች ኮርኒስ ማበጀት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም አየር የሚተላለፍበት ቀዳዳ መተው ነው። ሁለተኛው የማታ ፀሐይ የሚመታውን የምዕራብ ግድግዳ በበረንዳ ወይም በዛፍ ማስጠለል ነው። ለግድግዳው ሙቀት ከልካይ ልባስ የሚደረግለት ከሆነ በውጭ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ግድግዳው ከፀሐይ ተጠልሎ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ለቀን ያቆያልና። ሦስተኛው መስኮቱን ቀን ዘግቶ ሌሊት መክፈት ነው፤ ቆላው ወባ ያለበት ስለሆነም የሽቦ ወንፊት ያስፈልገዋል።

ነገሩ ከቤት ኪራይና ከመብራት ሒሳብም ያልፋል። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ከ30 ዲግሪ በታች እንዲቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል። ለደጋ የታሰበ ፕላን እንዳለ ተገልብጦ ለቆላ ጤና ኬላ ቢሰጥ፣ መድኃኒቱ በመደርደሪያው ላይ ሳለ ይበላሻል። በዚያው ፕላን በተሠራው ትምህርት ቤትም ተማሪው ከቀትር በኋላ ትምህርቱን ትቶ ላቡን ሲጠርግ ይውላል።

እንግዲህ ነገ በየወረዳው ፕላን የምትመረምሩ፣ በጀት የምትፈቅዱና የምትፈርሙ ወጣቶች ሆይ! ከመፈረማችሁ በፊት «ይህ ቤት የሚሠራው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የኮርኒስ ዋጋ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ የሙቀት ዋጋ ግን በየወሩ ይከፈላል።