ኢሜይሉን ማሽን ያንብበው፣ ሰዓቱን እናንተ አረጋግጡ

ቢከን ሂል ውስጥ በብዙ የኢትዮጵያውያን ቤት ኢሜይል አንባቢው ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት፣ ከሐኪም ቤት ወይም ከቤተ መጻሕፍት መልእክት ሲመጣ «እስቲ ምን ይላል?» ተብሎ ስልኩ ለእናንተ ይሰጣል። አንዱ መልእክት ከተረሳ የእናት ቀጠሮ ያልፋል፤ ወይም የታናሽ ወንድም የጉዞ ፈቃድ ሳይፈረም ይቀራል።

በዚህ ሥራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም ኤአይ፣ ሊያግዛችሁ ይችላል።

እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ደንብ ታወጣላችሁ። ለምሳሌ፣ ከትምህርት ቤት የሚመጣ መልእክት ሁሉ ጂሜይል ውስጥ ለብቻው እንዲቀመጥ ታደርጋላችሁ። ቀጥሎ ኤአይ መልእክቱን አንብቦ የአራት ጥያቄዎችን መልስ ይፈልጋል፦ ምን ይሠራ? ማን ይሥራው? መቼ? የት? በመጨረሻ መልሱ በሥራ ዝርዝር ወይም በቀን መቁጠሪያ ላይ ይገባል። እንደ ዛፒየር ያሉ አገልግሎቶች እነዚህን ደረጃዎች ያገናኛሉ።

ቀለል ያለ መንገድም አለ። አውትሉክ ላይ መልእክቱን በባንዲራ ምልክት ካደረጋችሁበት፣ ማይክሮሶፍት ቱ ዱ በተባለው ዝርዝር ውስጥ እንደ ሥራ ይታያል። ለዚህ ኤአይ አያስፈልግም።

ማሽኑ የሚሳሳትበት ቦታ

ከአዲስ አበባ ለመጡ አያታችሁ ዝርዝሩን በአማርኛ አዘጋጁ እንበል። መልእክቱ የሚለው እንዲህ ነው፦ «የወላጆች ስብሰባ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ከሰዓት በኋላ 3:30»። ማሽኑ «3 ሰዓት ተኩል» ብሎ ቢጽፍ፣ አያታችሁ ጠዋት ነው ብለው ይረዳሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትክክለኛው 9 ሰዓት ተኩል ነው። ስድስት ሰዓት ቀድመው ይደርሳሉ ማለት ነው!

ዘዴው ቀላል ነው። የአሜሪካው ሰዓት ከ6 በላይ ከሆነ 6 ቀንሱ፤ 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 ጨምሩ። ከጠዋቱ 8:00 በአማርኛ 2 ሰዓት ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ የወሩን ስም ብቻ ተርጉሞ «ጥቅምት 14» ካለ፣ ስብሰባው ካለፈ 10 ቀን ይሆነዋል።

ስለዚህ ማሽኑን በግልጽ እዘዙት፦ «ቀኑንና ሰዓቱን በአሜሪካም በኢትዮጵያም አቆጣጠር ጻፍ። እርግጠኛ ካልሆንክ ጠይቀኝ።» ከዚያም ከዋናው ኢሜይል ጋር አመሳክሩ። ሁለቱንም አቆጣጠር የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የቤተሰብ ምስጢር

የሐኪም ቤትና የባንክ መልእክቶችን ለማንኛውም መተግበሪያ አትስጡ። ኢሜይሉ የእናታችሁ ከሆነ መጀመሪያ እሳቸውን አስፈቅዱ።

የሳምንቱ ቃላት

ቀጠሮ፦ ለመገናኘት የተወሰነ ቀንና ሰዓት።
አቆጣጠር፦ ቀንን ወይም ሰዓትን የመቁጠር ዘዴ።
ማመሳከር፦ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን እያዩ ትክክል መሆናቸውን ማረጋገጥ።

የሳምንቱ ሥራ

በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ከደረሱት ኢሜይሎች ሦስት ምረጡ። ከእያንዳንዱ የሚሠራውን ነገር፣ ቀኑንና ሰዓቱን በአማርኛ ጻፉና ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።