የሚፈውሰው ዱቄት ሠሪውን እንዳይጎዳ

ከዓባይ በረሃ በላይ ባለው በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ፣ በዓል ሲቃረብ ነጭ ልብስ በእንዶድ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው። የደረቀው የእንዶድ ፍሬ በሙቀጫ ሲወቀጥ፣ ብናኙ አጠገቡ ያለውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ ዓይኑንም ያቃጥለዋል። ስለዚህ ልባም ሴት እንዶድ ስትወቅጥ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና፣ ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ሕፃናቱንም ገለል ታደርጋለች። ኬሚስትሪ ያስተማራት ባይኖርም፣ ልብስ የሚያነጻው ነገር በአፍንጫ ሲገባ እንደሚጎዳ ታውቃለች። እኛም ዛሬ ለአንባብያን ልናሳስብ የምንወደው ይህንኑ ሲሆን፣ ነገሩ ከሙቀጫው አልፎ እስከ መድኃኒት ፋብሪካ ይደርሳል።

በክልሉ በሰሜን ሸዋ የሂዩማንዌል መድኃኒት ፋብሪካ በ2010 ዓ.ም. ተመርቋል። በአዲስ አበባም በቂሊንጦ ለመድኃኒት ሥራ የተለየ የኢንዱስትሪ ፓርክ ተቋቁሟል። ዛሬ በመካነ ሰላም የሚማሩ ወጣቶች ነገ ከእነዚህ ስፍራዎች በአንዱ ሠራተኛ፣ ፋርማሲስት ወይም ተቆጣጣሪ ሆነው ይገኙ ይሆናል።

ለበሽተኛ የሚሰጠው ኪኒን በሚሊግራም የተመዘነ ነው፤ ስንት ቀን እንደሚወሰድም ሐኪሙ ይወስናል። ዱቄቱን የሚመዝነው፣ የሚቀላቅለውና ወደ መኪናው የሚያፈሰው ሠራተኛ ግን ሳይታመምና ማንም ሳያዝለት በየቀኑ ሊተነፍሰው ይችላል። ኮሶ እንኳ መጠኑ ካለፈ ጠጪውን እንደሚጎዳ አባቶቻችን ያውቁ ነበር።

ለዚህም ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 በፖርቶ ሪኮ የወሊድ መከላከያ ኪኒን የሚሠራ ፋብሪካ ሠራተኞች ሲመረመሩ፣ ከወንዶቹ አንዳንዶቹ ጡታቸው አብጦ፣ ከሴቶቹም ከወር አበባ ጊዜያቸው ውጭ የሚደሙ ተገኝተዋል። ምክንያቱም በዱቄቱ ያለው ሆርሞን ወደ ሰውነታቸው መግባቱ ነበር። ፔኒሲሊንም እንዲሁ ነው፤ ብናኙን ሲተነፍስ የኖረ ሰው አለርጂ ሊይዘውና፣ ኋላ ታሞ መድኃኒቱ ሲያስፈልገው አደጋ ሊሆንበት ይችላል።

ታዲያ መከላከያው ምንድን ነው? ብዙ ሰው ጭምብል ነው ይላል። ነገር ግን ጭምብል ፊት ላይ በደንብ ካልገጠመ ብናኙ በጎኑ ስለሚገባ፣ የመጨረሻ አጥር እንጂ የመጀመሪያ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ዱቄቱ እንዳይወጣ፣ ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲገለበጥም ሆነ ሲቀላቀል በተዘጋ መሣሪያ ውስጥ መሆን አለበት። ቀጥሎም በሚቦንበት ስፍራ የአየር መሳቢያ ይደረጋል። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ወይም በአየር ግፊት መንፋት ዱቄቱን እንደገና ማስነሣት ስለሆነ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወይም ጥሩ ማጣሪያ ባለው መምጠጫ ይጸዳል። የሥራ ልብስም እዚያው ወልቆ እዚያው መታጠብ ይገባዋል፤ ወደ ቤት ከተወሰደ ብናኙን ለልጆች ያደርሳልና።

ስለዚህ ጉዳይ ሕግም አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲሰጥ፣ ስለ ሥራው አደጋ ሠራተኛውን እንዲያስረዳና አደገኛ ሥራ የሚሠራውንም እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዛል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ በሚገባ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

እንግዲህ ወጣቱ ተቆጣጣሪ ወደ ፋብሪካ ሲገባ ጭምብል መኖሩን ብቻ ጠይቆ አይውጣ። በመደርደሪያው ላይ ዱቄት አርፎ እንደሆነ ይመልከት፤ መሳቢያው ይሠራ እንደሆነ ይመርምር፤ ሠራተኛውንም ለብቻው ስለ ጤንነቱ ያነጋግረው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ የአንዱ ፈውስ በሌላው ጤና ሊገዛ አይገባም። ያች የመካነ ሰላም ሴት ዘነዘናዋን ከማንሣቷ በፊት ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ታያለች፤ ከተማረውም ሰው የሚጠበቀው ከዚህ ያነሰ ሊሆን አይችልም።