ፍርድ አይሸጥም፤ ፍርድ አይታዘዝም
(ለመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች በሬዲዮ የተላለፈ ንግግር)

ያለፈውን ትምህርት ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አነበባችሁላቸው? ጎበዞች! የዛሬው ንግግራችን ስለ ፍርድ ነው። ፊደል የቆጠረ ሰው ራሱ ሊያነባቸው ከሚገቡት ወረቀቶች አንዱ የፍርድ ቤት ወረቀት ነውና ልብ ብላችሁ ተከታተሉ።

አባቶቻችን ለፍርድ የነበራቸውን ክብር ታውቃላችሁ። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው እጁን ይሰበስባል። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች" ይባላል። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት። ጭብጦ ግን ትንሽ ቂጣ ናት። ነገሩ የዋጋ ጉዳይ አይደለም። ሰው ቢሸነፍም በእውነት ከተፈረደበት ይቀበለዋል። ያለ ፍርድ የተወሰደበት ግን ትንሽም ቢሆን ያንገበግበዋል።

ታዲያ ፍርድን የሚያበላሸው ምንድን ነው? ሁለት በሽታዎች አሉ። አንደኛው ገንዘብ ነው። ሁለተኛው የባለሥልጣን ትእዛዝ ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። ጉቦ ስሙ ብዙ ነው። ድሮ መማለጃ፣ እጅ መንሻ ይባል ነበር። ዛሬ "የሻይ" ይሉታል። ስሙ ቢለዋወጥም ሥራው አንድ ነው። እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንየው።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አለች እንበል። የባሏ ዘመድ ድንበር ገፍቶ መሬቷን አረሰባት። ከሰሰች። ምስክሮችም አሏት። በቀጠሮው ቀን ስትሄድ "መዝገቡ አልተገኘም" ተባለች። ሌላ ቀጠሮ ተሰጣት። ስትመለስ "ዳኛው የሉም" ተባለች። አሁንም ሌላ ቀጠሮ። በመጨረሻ አንድ ሰው በር ላይ ጠጋ ብሎ "እትዬ፣ እኔ ዳኛውን አውቃቸዋለሁ። ትንሽ ብር ካለዎት ነገሩን እጨርስልዎታለሁ" አላት። ሰውየው ደላላ ነው። በጓ ተሸጠ፤ ብሩም ተሰጠ።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ደላላ ከተከሳሹም ተቀብሎ ሊሆን ይችላል። ዳኛውን ጨርሶ ላያውቃቸውም ይችላል። ብትረታ "እኔ ነኝ ያስፈረድኩልዎት" ይላል። ብትሸነፍ "ያኛው ወገን የበለጠ ሰጠ" ይላል። በሁለቱም መንገድ እሱ በላ። የእሷ በግ ግን ሄደ። ንጹሕ ዳኛም ከነበሩ ስማቸው በከንቱ ጠፋ።

እርግጥ ነው፣ የሚበሉ ዳኞችም አሉ። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ ጋና የምትባል አገር አለች። እዚያ አናስ አረመያው አናስ የተባለ ጋዜጠኛ ማንነቱን ደብቆ ሁለት ዓመት ያህል ፍርድ ቤቶችን ተከታተለ። በድብቅ ካሜራም ቀረጸ። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ወር ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። 34 ዳኞችና ብዙ የፍርድ ቤት ሠራተኞች ተጠቀሱበት። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ፍየልና በግ ሲቀበሉ የታዩም ነበሩ። ከሁለት ወር በኋላ 20 የሥር ፍርድ ቤት ዳኞች ከሥራ ተባረሩ። እንግዲህ አስቡት! አንድ ሰው በፍየል ዋጋ ነጻ ወጣ። የተበደለው ደግሞ ፍየል ስላልነበረው ተሸነፈ።

ወደ ሁለተኛው በሽታ እንለፍ። ይህኛው የባለሥልጣን ትእዛዝ ነው። ገንዘብ አይታይበትም። አንዳንድ ጊዜ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው።

በዘውዱ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱና በየወረዳው ገዥው ራሱ በችሎት ይቀመጥ ነበር። ገበሬው ገዥውን መክሰስ ቢፈልግ ወዴት ይሂድ? ከሳሹም ተከሳሹም ወደ አንድ ሰው ደጅ ነበር የሚሄዱት።

ከዚያ ደርግ መጣ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ 60 የሚጠጉ ሚኒስትሮች፣ ጄኔራሎችና ሌሎች እስረኞች ያለ አንዳች የፍርድ ቤት ውሳኔ ተረሸኑ። ከእነሱ መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ነበሩ። ትናንት ያዝዙ የነበሩ ሰዎች የሚሰማቸው ዳኛ አጡ።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ1993 ዓ.ም. በገዥው ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል ተነሣ። ከተሸነፈው ወገን የነበሩት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ዳኛዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ግን ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ በፖሊስ ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ ምክር ቤቱ በሙስና የተጠረጠረ ሰው በዋስ እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ አወጣ። አቶ ስዬ እስከ 1999 ዓ.ም. ታስረው ቆዩ። ጥፋተኛ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው የዛሬ ነገራችን አይደለም። ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የዳኛ ትእዛዝ በር ላይ ከቀረ ዳኛ ምን ያደርጋል?

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ዛሬ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው ነገ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ነጻ ዳኛ ለደሀው ብቻ ሳይሆን ለሹሙም ያስፈልገዋል።

ሁለቱ በሽታዎች ደግሞ ይረዳዳሉ። ጉቦ የበላ ዳኛ ትእዛዝን እምቢ ለማለት አይደፍርም። ምስጢሩ በሌላ ሰው እጅ ነውና።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ግልጽ ነው። በማናቸውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ከመንግሥት አካልም ሆነ ከባለሥልጣን ተጽዕኖ ነጻ ነው ይላል። ዳኛ የሚመራው በሕግ ብቻ ነው። ባለሥልጣን ስለ ተቆጣ ብቻ ዳኛን ማባረር አይችልም። የዲሲፕሊን ጥፋት ከሠራ፣ ጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ከታየበት፣ ወይም በሕመም ሥራውን መሥራት ካቃተው፣ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ይወስናል። ደንቡ መልካም ነው። ግን በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። የሚያውቀውና የሚጠይቀው ሕዝብ ያስፈልገዋል።

እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

1ኛ. የመዝገብ ቁጥራችሁንና የቀጠሮውን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። "መዝገቡ ጠፋ" ቢሏችሁ ቁጥሩን አሳዩ።

2ኛ. ራፖር ጸሐፊ የጻፈላችሁን ማመልከቻ ሳታነቡ አትፈርሙ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ።

3ኛ. ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ የፍርድ ቤት ክፍያ አይደለም።

4ኛ. ፍርዱ ሲሰጥ ግልባጩን ውሰዱ። ቅር ካላችሁ ይግባኝ በሉ። የይግባኝ ጊዜው የተወሰነ ስለሆነ የመጨረሻውን ቀን ጠይቃችሁ ጻፉ።

5ኛ. ጉቦ ከተጠየቃችሁ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ስንት ብር እንዳለ ጻፉ። ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ወይም ለፀረ ሙስና ኮሚሽን አመልክቱ። ያልታያችሁን ነገር ግን አትጨምሩ። በንጹሕ ሰው ላይ መዋሸትም ፍርድን ማጉደል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በሕጋችን ጉቦ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚሰጥም ይቀጣል። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ሰምታችኋል። ይህ ተረት የሚኖረው የሚያበላ እስካለ ድረስ ነው። እኛ ማብላት ካቆምን ተረቱም ያረጃል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
ሀ. ፍርድን የሚያበላሹት ሁለት በሽታዎች ምን ምን ናቸው?
ለ. ደላላው በሁለቱም መንገድ የሚያተርፈው እንዴት ነው?
ሐ. ነጻ ዳኛ ለባለሥልጣኑም የሚጠቅመው ለምንድን ነው?

ጥያቄዎቹን ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩባቸው። ማንበብ ለማይችል ሰውም ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። በሚቀጥለው እስክንገናኝ ደኅና ሰንብቱ!