ባዮጋዝ ለምን በማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር አይሞላም?

ከእበት የሚመረተው ባዮጋዝ ከማብላያው አጠገብ ካለው ማዕድ ቤት ርቆ አይሄድም። በደብረ ማርቆስ ከተማ ግን የማብሰያ ጋዝ በሲሊንደር ይሸጣል። የአርሶ አደሩ ጋዝስ ለምን በዚያው ሲሊንደር ተሞልቶ ገበያ አይወጣም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ሳያውቁ መሞከር ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የከተማው ሲሊንደር ሲነቀነቅ የሚንቦጫቦጨው ፈሳሽ ነው። ቡቴንና ፕሮፔን በጥቂት ባር ግፊት ወደ ፈሳሽነት ይለወጣሉ። የባዮጋዝ ዋና ነዳጅ የሆነው ሚቴን ግን በደብረ ማርቆስ አየር ሙቀት የቱንም ያህል ቢታመቅ ፈሳሽ አይሆንም።

ማንኛውም ጋዝ የሙቀት ጣሪያ አለው፤ ከዚያ በላይ ከሞቀ ግፊት ብቻውን ፈሳሽ አያደርገውም። ጣሪያው ወሳኝ ሙቀት ይባላል። የቤልፋስቱ ሳይንቲስት ቶማስ አንድሪውስ እ.ኤ.አ. በ1869 ይህን በካርቦን ዳይኦክሳይድ አሳየ፤ የዚያ ጋዝ ጣሪያ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በ1873 ደግሞ ሆላንዳዊው ቫን ደር ቫልስ ጣሪያውን ለማስላት የሚያስችል ቀመር አቀረበ። ቀመሩ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የጋዙ ቅንጣቶች እርስ በርስ የሚሳሳቡበትን መጠንና ራሳቸው የሚይዙትን ቦታ።

ለሚቴን የመሳሳቡ ቁጥር 2.283፣ የቦታው 0.04278 ነው (በሊትር፣ በባርና በሞል ሲለካ)። የመጀመሪያው በ8 ሲባዛ 18.264 ይሆናል። ሁለተኛው በ27 እና የጋዝ ቋሚ ቁጥር በሚባለው 0.08314 ሲባዛ 0.096 ይሰጣል። 18.264 ለ0.096 ሲካፈል 190 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 83 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሆናል። የጮቄ ውርጭ እንኳ ወደዚያ አይጠጋም። የፕሮፔን ጣሪያ 97፣ የቡቴን 152 ዲግሪ በመሆኑ ሁለቱ በእኛ አየር ያለችግር ይፈስሳሉ።

ጋዝ ሆኖ የሚቀር ነገር ደግሞ ቦታ ይፈጃል። 26 ሊትር በሚይዝ ሲሊንደር ባዮጋዝ በ5 ባር ቢሞላ 130 ሊትር ያህል ብቻ ነው፤ የቤት ምድጃ በሰዓት 300 ሊትርና ከዚያ በላይ ስለሚያቃጥል ለአንድ ሽሮ ቢበቃ ነው። በሌላ አገር ሚቴን የሚጓጓዘው ተጣርቶ፣ በ200 ባር ገደማ ታምቆ፣ ለዚሁ በተሠራ ወፍራም ሲሊንደር ነው። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ለዚህ አልተሠራም። ያልተጣራ ባዮጋዝ የያዘው ሃይድሮጂን ሰልፋይድም ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ በሚሞላበት ጊዜ አየር ከተቀላቀለበት ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።