ቆሞ የኖረ መኪና ካራማራን ከመውረዱ በፊት

ሰው ቤቱን ይዞ መጓዙ ለጅጅጋ ሜዳ አዲስ ነገር አይደለም። የሶማሌ አርብቶ አደር ቤተሰብ «አቃል» የተባለውን፣ ከጎበጡ እንጨቶችና በእጅ ከተሠሩ ምንጣፎች የሚቆመውን ጎጆ፣ ውሃና ሣር ፍለጋ በሚነሣበት ጊዜ ነቅሎ በግመል ጀርባ ይጭነዋል፤ ከደረሰበትም ስፍራ መልሶ ይተክለዋል። የሥራው ባለሙያዎች ሴቶቹ ናቸው። ጎጆው በተፈታ ቁጥር እያንዳንዱ እንጨትና ምንጣፍ በእጅ ያልፋል፤ የተሰበረውና የተቀደደው ሳይታይ አይቀርም። ስለዚህ አቃል የሚጠበቀው በመንቀሳቀሱ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የአውሮፓ ሰው ደግሞ ይህንኑ ሐሳብ በሞተር ላይ አደረገው። የጀርመኑ ቮልስዋገን ኩባንያ ብዙዎች «ኮምቢ» የሚሉትን መኪና እ.ኤ.አ. በ1950 ማምረት ጀመረ። በተከታዩም ዓመት ቬስትፋሊያ የተባለው ፋብሪካ በመኪናው ውስጥ የሚገጠም መኝታና የዕቃ ሣጥን አዘጋጀለት። በዚህ አኳኋን ኮምቢ የመንገደኛ ቤት ሆነ፤ የዚሁ መኪና ሥራም በብራዚል እስከ 2013 መጨረሻ ድረስ ቀጥሏል። የቀድሞዎቹ ሞተራቸው ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነፋስ እንጂ በውሃ አይደለም። ሞተራቸው በአገራችን «ቮልስ» እያልን ከምንጠራት ከትንሿ መኪና ሞተር ጋር ዘመድ በመሆኑ፣ የአዲስ አበባ መካኒኮች ጠባዩን ሲያውቁት ኖረዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ መኪና በጅጅጋ ከአንድ ግቢ ውስጥ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ዓመት ቆሞ ኖረ እንበል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ አሮጌውን መኪና በሌላ ዓይን የሚያይ ሰው በዝቷል። ወጣቱ ሠራተኛም ከጓደኞቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ መኪናውን ለማስነሣት ቢያስብ ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። የሚነቀፈው የአሠራሩ ተራ ሲዛባ ነው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚመኘው የሞተሩን ድምፅ መስማት ነው። ባትሪ ተውሶ፣ ቤንዚን ጨምሮ፣ ቁልፉን ያዞራል። ሞተሩ ከተነሣ እልል ይባላል፤ መኪናው ዳነ ተብሎም ዘመድ ወዳጅ ይሳፈራል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ነው። የማይነሣ ሞተር ሰውን ከቤቱ ቢያስቀረው ነው፤ የማይዝ ፍሬን ግን የት እንደሚያደርሰው አይታወቅም። ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው በካራማራ ተራራ በኩል ማለፉ ግድ ነው። ካራማራ ለብዙዎቻችን የምትታወሰው የኢትዮጵያ ጦር የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ባገኘው ድል ነው። ለሾፌር ግን ካራማራ ሌላም ትርጉም አላት፤ ዳገትና ቁልቁለት ናት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ የፍሬን ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበትን የሚስብ ፈሳሽ ነው። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ በመቶ 3.7 ያህል ውሃ ከገባበት ግን መመዘኛው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ፍሬን በቁልቁለት ላይ ደጋግሞ ሲረገጥ ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ ዘይቱ ከፈላ በመስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ አይደለም፤ ሲጫኑት ይታመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በሜዳው ላይ ደኅና መስሎ የታየ ፍሬን በተራራው ላይ የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀድሞዎቹ ኮምቢዎች ደግሞ አራቱንም ጎማ የሚይዙት በአንድ የዘይት መስመር ነበር። ከአንድ ጎማ ዘንድ ዘይቱ ቢፈስ የአራቱም ጉልበት አብሮ ይሄዳል። ስለሆነም አሮጌው ዘይት በሙሉ ይፈሳል፤ የጎማ ቱቦዎቹ ከውጭ ደኅና ቢመስሉም ከውስጥ አብጠው ሊዘጉ ስለሚችሉ ይለወጣሉ፤ ዋናው የፍሬን ፓምፕና በየጎማው ያሉት ትንንሾቹ ተፈትተው ይታያሉ፤ ሸራውም ይመረመራል። የእጅ ፍሬኑም ለብቻው ይፈተናል።

ቀጥሎ ጎማ ነው። ጥርሱ ገና ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ጎማ በፀሐይና በአየር ይደርቃል፤ ጎኑም ይሰነጠቃል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩት ጎማዎች ጎን ላይ የሥራውን ጊዜ የሚያሳዩ አራት አኀዞች አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። «2504» የሚል ቢገኝ በ2004 ዓመት በ25ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህን ለማንበብ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ማጎንበስ ብቻ ይበቃል።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። ቤንዚን ለብዙ ዓመት ሲቀመጥ እንደ ሙጫ ያለ ዝቃጭ ይተዋል፤ ይኸውም የካርቡራቶሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ታንኩም ከውስጥ ይዝጋል። በኮምቢ ላይ ግን ከዚህ የሚብስ ነገር አለ። የነዳጁ ቱቦ ከጋለው ሞተር አጠገብ ስለሚያልፍ፣ ቱቦው ደርቆ ቢሰነጠቅ ቤንዚኑ በሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል። መኪናውም በእሳት ሊያያዝ ይችላል። የአንድ ቱቦ ዋጋ ከዚህ ጉዳት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ሞተሩ ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይጨመራል፤ ከዚያም ሞተሩ በሞተሪኖ ሳይሆን በእጅ ቀስ ብሎ ይዞራል። አሮጌው የሞተር ዘይት ይለወጣል፤ የቫልቮቹም ክፍተት ይስተካከላል። ሞተሩ የሚበርደው በነፋስ ስለሆነ ነፋሱ የሚያልፍበት መንገድ መከፈት አለበት፤ ለብዙ ጊዜ በቆመ መኪና ውስጥ አይጥ ጎጆዋን የምትሠራው እዚያው ነው። ነፋሱን የሚሰጠውን ፋን የሚያዞረው ቺንጋም ይታያል። የቀድሞዎቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው፣ የጎረቤትን 12 ቮልት ባትሪ ከማያያዝ በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል።

ወጣቱ ባለሥልጣን ግን ከዚህ ሁሉ ወጪ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ወረቀቱ ነው። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ላይ ካለው ጋር ይገጥማልን? የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑስ አለን? ጅጅጋ ለቶጎ ውጫሌ ድንበር ቅርብ ከተማ ስለሆነች ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ወረቀት የሌለው መኪና ቢጠገን ከግቢ የማይወጣ ጌጥ ነው። ወረቀቱ ከተሟላም የዓመቱ ምርመራ አልፎ ቦሎው መለጠፍ፣ የሦስተኛ ወገን መድንም መገባት አለበት። መድኑ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው ለባለ መኪናው ደስታ ሳይሆን በመንገድ ላይ ለሚጎዳው ሰው ሲባል ነው።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የጅጅጋ አቀማመጥ ራሱ ይረዳል። ከተማይቱ የተቀመጠችበት ሜዳ ሰፊና ለጥ ያለ ነው። መኪናው በመጀመሪያ በግቢ ውስጥ፣ ቀጥሎ ሰው በማይበዛበት ሜዳ በዝግታ ይፈተናል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ይቆምና ጎማዎቹ ዘንድ ያለው ሙቀት ይዳሰሳል፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ፍሬኑ አልለቀቀም፣ ወይም ኩሽኔታው ታሟል ማለት ነው። ለካራማራ የሚደርሰው ተራ የመጨረሻው ነው። በዚያም ሾፌሩ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ ማለትም ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ይወርዳል እንጂ ፍሬኑን ብቻ ተማምኖ አይለቀውም።

በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ በድንጋይ ላይ ተደግፈው የቆሙ መኪናዎችን የማያውቅ አንባቢ የለም። አንዳንዱ ያለ ምርመራ ከአገልግሎት ውጭ ነው ተብሎ ይጻፍበታል፤ ሌላው ደግሞ ያለ ምርመራ መንገድ ይወጣል። ሁለቱም ያው አንድ ስንፍና ነው፤ የመጀመሪያው ንብረት ያጠፋል፣ ሁለተኛው ሰው ይገድላል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና፣ ዛሬ ለጊዜው የሚቆም መኪና ያለው ሰው በየወሩ ጥቂት ያንቀሳቅሰው፤ የፍሬኑን ዘይት በሁለት በሦስት ዓመት ይለውጥ፤ ያደረገውንም ከነቀኑ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ነገ የሚረከበው ሰው ከዚያ ደብተር ላይ እውነቱን አንብቦ ይነሣል።