በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የታየው ብርሃን ምን ነበር?

በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ያልተለመደ ብርሃን ታይቶ ብዙ ሰው በስልኩ ቀርጾት ነበር። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የኅዋ ስብርባሪ ወይም ተወርዋሪ ኮከብ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። የኅዋ ስብርባሪ የሚባለው አገልግሎቱን የጨረሰ ሳተላይት ወይም የሮኬት ቁራጭ ነው። ዋናው መለያ ቆይታው ነው፦ ተወርዋሪ ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ይጠፋል፤ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው ስብርባሪ ግን እየተቆራረሰ ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊታይ ይችላል።

በዚያው በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ለምሳሌ ሶዶ ከተማ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው አግኝታችሁ ስትጠይቁ «ምን ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ የሚነግራችሁ ግምቱን ነው። ካየበት ቦታ ላይ ቆሞ ያሳያችሁ፦ ከከተማው አጠገብ ካለው ከዳሞታ ተራራ በስተቀኝ ነው በስተግራ? ከጫፉስ በላይ ስንት ጭብጥ? ክንዳችሁን ስትዘረጉ አንድ ጭብጥ፣ ማለትም የተጨበጠ እጃችሁ ስፋት፣ 10 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል።