ግራኝ ተኳሽና የሽጉጥ ምርጫ

ግራኝ ተኳሽ የሚባለው ምላጭ የሚስበው በግራ እጁ የሆነ ሰው ነው። አብዛኛው ሽጉጥ ለቀኝ እጅ ታስቦ ስለተሠራ፣ ግራኝ ሲመርጥ ከስሙና ከዋጋው አስቀድሞ ቁልፎቹ በየትኛው ጎን እንዳሉ ማየት ይኖርበታል።

በሶቪየት ኅብረት የተነደፈው ማካሮቭ ጥሩ ምሳሌ ነው። እንዳይተኩስ የሚያደርገው መቆለፊያ በግራ ጎኑ በመሆኑ የቀኝ እጅ አውራ ጣት በቀላሉ ይደርስበታል። ግራኝ ግን አያያዙን መለወጥ ወይም ሌላውን እጁን መጨመር አለበት፤ በዚያ ቅጽበት አፈሙዙ ወደ ሰው ሊዞር ይችላል። ካዝናው የሚለቀቀው ከእጀታው ግርጌ ስለሆነ በዚህ በኩል ቀኝም ግራም እኩል ናቸው (እኩል ይዘገያሉ ማለትም ይቻላል)።

ቤሬታ 92ኤፍኤስ በሁለቱም ጎን መቆለፊያ አለው። ግሎክ በአውራ ጣት የሚከፈት መቆለፊያ የለውም፤ ከ4ኛው ትውልድ (2010 እ.ኤ.አ.) ወዲህ የካዝና መልቀቂያውን ወደ ቀኝ ጎን ማዛወር ይቻላል። ቀለህ በቀኝ በኩል መውጣቱ ግን ሽጉጥ ከፊት ርቆ ስለሚያዝ የሚወራለትን ያህል አያስቸግርም።

በጅማ፣ በአጋሮም ሆነ በሊሙ ገነት ከምርጫው ፈቃድ ይቀድማል፤ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። ፈቃድ ያለው ግራኝ የሚያገኘው ለቀኝ እጅ የተሠራውን ብቻ ከሆነ፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አረጋግጦ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ መቆለፊያውን በግራ እጁ ደጋግሞ ይለማመዳል።